የአደራ ልጅ ለመቀበል አስባችኋል? የትኛው ዓይነት ለቤታችሁ እንደሚሆን እንዲህ ለዩ

እኛ ሰፈር፣ ደብረ ብርሃን፣ «አንድ ልጅ ወስጄ ላሳድግ» የሚል ሰው አይጠፋም። «ለሦስት ሳምንት ብቻ አቆይቼ ልመልስ» የሚል ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ደግሞ ይሄ ሁለተኛው ሰው ነው። ልጁ እናት አለችው፤ ታማ ሆስፒታል ተኝታለች። ወይም አያት አሉት፤ የት ቀበሌ እንዳሉ ገና አልታወቀም። ወይም ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ተገኝቶ ፖሊስ ዘመድ እያፈላለገለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ነገሩ እስኪለይለት ድረስ የሚያድርበት ሞቅ ያለ ቤት ይፈልጋል። አዲስ እናትና አባት ማን ጠየቀ?

እኔና ባለቤቴ የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ የመጣችልን የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። ለጊዜው እንደሆነ ተነግሮናል። እኛ ግን በሁለተኛው ሳምንት በባለቤቴ ስም እንጠራት ጀመር፣ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጃችን» አልን፣ በሦስተኛው ወር አክስቷ ተገኝታ ስትመጣ ቡና አፈላሁላት እንጂ ፊቴን አልፈታሁላትም። ልጅቷ አየችኝ። አክስቷ አቅፋት፣ መሄዷ ጥፋት የሆነ ይመስል ዓይን ዓይኔን ታያለች። መለያየቱስ አለፈ። ያ አስተያየቷ ግን ዛሬም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ልጆች መጥተው ሄደዋል፤ አሁን ሰው ሲጠይቀኝ በዚህ ቅደም ተከተል ነው የማስረዳው።

1. ሦስቱን ነገሮች አትደባልቁ

አደራ፣ ጉዲፈቻ፣ እና ዝም ብሎ ልጅ ማሳደግ። በአፋችን ሁሉንም «ማደጎ» እንላቸዋለን። ቢሮ ስትገቡ ግን ይለያያሉ።

የአደራ ቤተሰብ፣ ባለሙያዎቹ ፎስተር ኬር የሚሉት፣ በመሠረቱ ጊዜያዊ ነው። ልጁ የወላጆቹ ልጅ ሆኖ ይቆያል። የአባቱ ስም አይነካም። እናንተን አይወርስም፣ እናንተም በእሱ ንብረት አታዙም። ታበላላችሁ፣ ታለብሳላችሁ፣ ታስተምራላችሁ፣ ታሳክማላችሁ፤ የት እንደሚኖር የመወሰኑ ሥልጣን ግን የእናንተ አይደለም።

ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ይጸድቃል። ከጸደቀ በኋላ ልጁ በሕግ የእናንተ ነው። የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ ስላለው አዲስ አበባ ያለ ዘመድ የነገራችሁን እንዳለ አትውሰዱ፤ እዚሁ ጠይቁ። ልጅ ለውጭ አገር ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ደግሞ በ2010 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ተከልክሏል። ስለዚህ «ፈረንጅ አሳድጎ ይረዳችኋል» የሚል ደላላ ከመጣ በር ዝጉበት።

ሦስተኛው ከገጠር ልጅ አምጥቶ «እያስተማርኩ አሳድጋለሁ» የሚባለው ነው። ከልባቸው የሚያስተምሩ አሉ፣ አልካድኩም። ግን በልባችሁ ጓዳ «ዕቃ ታጥብልኛለች»፣ «ከብቱን ያይልኛል» የሚል ነገር ካለ፣ ያ ደመወዝ የሌለው ሠራተኛ ነው። የአደራ ልጅ እቤት ውስጥ የሚሠራው የእናንተ ልጅ የሚሠራውን ያህል ነው፤ ከዚያ ካለፈ አደራ መሆኑ ቀረ።

2. ከልጁ በፊት ቤታችሁን እዩ

አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከልጁ ነው። «ሴት ብትሆን ደስ ይለኛል፣ ከሦስት ዓመት በታች ብትሆን»። ይሄ ኋላ ይደረሳል። መጀመሪያ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ ቤታችሁን ዞራችሁ እዩ። ማን የት ነው የተኛው? ለአንድ ሰው የሚሆን የራሱ መኝታ አለ? መደቡ ላይ ከሦስት ልጆች ጋር ማሸጋሸግ ለአክስት ልጅ ይሆናል። ምን እንዳሳለፈ ለማታውቁት ልጅ ግን አይሆንም፤ ሌሊት የሚባንን፣ ሰው ሲነካው የሚደነግጥ፣ አልጋ ላይ የሚሸና ሊሆን ይችላል።

ብርዱንም አስቡ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከሸዋ ሮቢት ወይም ከአጣዬ ቆላ በስስ ነጠላ የመጣ ልጅ በኅዳር ውርጭ እዚህ ሲያድር ምን እንደሚሆን አይቻለሁ። አንድ ብርድ ልብስ አይበቃም፤ የመንዝ ባና ካላችሁ አውጡት። ደገኛ ልጅ ተቀብላችሁ ቆላ የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ወባ አያውቅምና አጎበር ካልሰቀላችሁ በስተቀር አታስተኙት፣ ትኩሳት ሲይዘውም «ብርድ ነው» ብላችሁ አትደሩ።

ቀን ቤት የሚውለው ማነው? ባልም ሚስትም ሱቅ ወይም ቢሮ የሚውሉ ከሆነ ጨቅላ ሕፃን ከመጀመሪያው ይቅር፤ ትምህርት ቤት የሚውል ልጅ ይሻላችኋል። ገበሬ ከሆናችሁ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ አዲስ ልጅ በዚያ ሰሞን ቤት ሊገባ አይገባውም። መምህራን ደግሞ ክረምቱ አላቸው። ለአጭር ጊዜ አደራ ከእነሱ የተመቸ ቤት አላውቅም።

ኪስን በተመለከተ አንድ ዘዴ አለኝ። ምንም ድጋፍ አይመጣም ብላችሁ የሦስት ወር ወጪ ጻፉ። እህሉን፣ ሳሙናውን፣ ጫማውን፣ ደብተርና ዩኒፎርሙን፣ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄዱበትን ባጃጅ ሳይቀር። ድጋፍ ቢመጣ እሰየው። ግን ድጋፉን ጠብቆ ልጅ የተቀበለ ቤት ድጋፉ ሲዘገይ ፊቱ የሚጠቁረው በልጁ ላይ ነው።

አንድ ሰው የማይወደው ነገር ልናገር። ቤታችሁ ጠላ ወይም አረቄ የሚሸጥበት ከሆነ፣ ማታ ማታ የማታውቁት ሰው ገብቶ የሚጠጣበት ከሆነ፣ የአደራ ልጅ በተለይ ሴት ልጅ አትቀበሉ። እናት በአረቄ ንግድ ስንት ልጅ አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ እንዳበቃች አውቃለሁ፣ ሥራውን ለመናቅ አይደለም። ነገር ግን የራሳችሁ ልጅ ከማን መራቅ እንዳለባት ከልጅነቷ ተምራለች፤ ይህችኛዋ አልተማረችም።

3. መሸኘት ትችላላችሁ?

ሌላውን ሁሉ የሚወስነው ይሄ ነው። ነገ ጠዋት እናቱ መጥታ «ልጄን» ብትል ልብሱን አጥባችሁ፣ ስንቅ ቋጥራችሁ፣ መናኸሪያ ድረስ ትሸኛላችሁ? ወይስ «እሷ ምን አላት፣ እኛ ጋ ይሻለዋል» ማለት ትጀምራላችሁ?

ሁለተኛውን የምትሉ ከሆነ አትፈሩ፣ ክፋት አይደለም። ለእናንተ የሚሆነው ረጅም ጊዜ የሚቆየው ዓይነት ወይም ጉዲፈቻ ነው ማለት ነው። በተለይ ልጅ ያልወለዳችሁ ባልና ሚስት፣ እባካችሁ በአስቸኳይ አደራ በኩል አትግቡ። «መጀመሪያ ለጊዜው እንቀበል፣ ከዚያ እዚሁ ይቀራል» የሚል ምክር የሚሰጣችሁ ሰው ብዙ ነው። ልባችሁን የሚሰብረው እሱ ምክር ነው። ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ በቀጥታ ሄዳችሁ ጉዲፈቻ ብላችሁ ጠይቁ።

መልሱን ካላወቃችሁት በአፋችሁ ሞክሩት። እናታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ፊት ቡና እየጠጣችሁ «የሰው ልጅ ልቀበል ነው፤ ወላጆቹ ሲገኙ ይመለሳል» በሉ። ሲተናነቃችሁ ይታወቃችኋል። አያቴ «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይሉ ነበር፤ እኔ የገባኝ አክስቲቱ ከሄደች በኋላ ነው።

4. አሁን ዓይነቶቹን ከቤታችሁ ጋር አስተያዩ

ሁሉም ዓይነት በሁሉም ወረዳ ላይገኝ ይችላል፣ ስሙም ከቦታ ቦታ ይለያያል። ሐሳቡ ግን ይሄ ነው።

አስቸኳይ። ማታ 3 ሰዓት ስልክ ይጮሃል፣ 4 ሰዓት ልጁ ደጃችሁ ነው። ስሙን እንኳ ላታውቁ ትችላላችሁ። ከሁለት ቀን እስከ ጥቂት ሳምንት ይቆያል። የሚሆነው ልጆቻቸው ላደጉላቸው፣ ቤታቸው ሰፋ ላለ፣ ሌሊት መነሳት ለማይከብዳቸው ሰዎች ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ለዚህ ወርቅ ናቸው። ሕፃን ልጅ ያላት እናት ግን አትሞክረው፤ የመጣው ልጅ ኩፍኝ ይኑረው እከክ ይኑረው በዚያ ሌሊት የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያው ሌሊት ጥያቄ የለም። ሙቅ ውኃ፣ ትኩስ ነገር፣ መኝታ። «አባትህ የት ነው? ማን መታህ?» እያላችሁ አትመርምሩት፤ ለዚያ የተማረ ሰው አለ።

አጭር ጊዜ። ከሳምንታት እስከ ወራት። ዘመድ እየተፈለገ ነው ወይም እናት እስክታገግም ነው። ባለፉት ዓመታት በግጭት ምክንያት ከቀያቸው ተፈናቅለው ወደ ደብረ ብርሃን ከመጡ ቤተሰቦች መካከል በመንገድ የተለያዩ አሉ፤ እንዲህ ላለ ልጅ ልኩ ይሄ ነው። ከባዱ ሥራ ወላጁን መቀበል ነው። እናትየው ልትጠይቅ ትመጣለች፣ ልጁ ያለቅሳል፣ ማታ እራት አልበላም ይላል፣ እናንተም «መጥታ ረበሸችው» ትላላችሁ። አልረበሸችውም። ስለናፈቀችው ነው። ቤታችሁ ሌላ ሴት ልጇን ልታይ ስትመጣ ወንበር የሚሳብላት ከሆነ ይሄኛውን ምረጡ።

ረጅም ጊዜ። ወደ ወላጅ የመመለስ ተስፋው የመነመነ፣ ለጉዲፈቻም ያልተሰጠ ወይም ራሱ ያልፈለገ ልጅ ነው። ብዙ ጊዜ ትልቅ ልጅ ነው፤ አሥር፣ አሥራ ሁለት ዓመት። ሰው የሚሸሸው እነዚህን ነው፣ እኔ ደግሞ እነዚህን ነው የምወዳቸው። ምን እንደሚፈልጉ በአፋቸው ይነግሯችኋል። ለዚህ የሚያስፈልገው የተረጋጋ ቤት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ትዳራችሁ ውስጥ ያልተፈታ ነገር ያላችሁ፣ ቆዩ። በራሳችሁ የመጨረሻ ልጅና በሚመጣው ልጅ መካከል የሁለት ሦስት ዓመት ልዩነት ቢኖር ይሻላል፤ እኩያ ከሆኑ ፉክክሩ በየቀኑ ነው።

የዘመድ አደራ። ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። አያት፣ አጎት፣ የክርስትና እናት፣ ሁሉም ሲያደርገው ኖሯል። ልጁ ሽታውን የሚያውቀው ቤት ስለሆነ መጀመሪያ መታየት ያለበትም ይሄ ነው። ጉድለቱ ወረቀት አለመኖሩ ነው። ልጁን ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ፣ ሲታመም፣ የሟች አባቱ ጡረታ ሲመጣ «አንቺ ምኑ ነሽ?» ትባላላችሁ። ገጠር ከሆነ ደግሞ መሬት አለ። ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ የእርሻ ይዞታ ሊኖረው ይችላል፣ እና እውነቱን እንነጋገር፣ አንዳንድ አጎት የሚወስደው ልጁን አስቦ ሳይሆን መሬቱን አስቦ ነው። ንጹሕ የሆነ ሰውም በኋላ በሐሜት ይጠመዳል። ስለዚህ ከቀበሌው ጋር ብቻ በቃል አትስማሙ፤ ሞግዚትነቱን በፍርድ ቤት አስወስኑ፣ መሬቱ ለእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሚካፈል አራሽ፣ ከተሰጠም ምርቱ ለልጁ ምን እንደዋለ ደብተር ላይ ጻፉ።

ወንድምና እህት። ሁለትና ሦስት ሆነው ከመጡ አትለያዩዋቸው። ቤታችሁ አንድ ብቻ የሚችል ከሆነ አንዱን መርጣችሁ ከመውሰድ ሁሉንም ለሌላ ቤት ብትተዉ ይሻላል። የቀረውን ሲያስብ እንቅልፍ ያጣል።

ልዩ ድጋፍ የሚፈልጉ። የአካል ጉዳት፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤችአይቪ መድኃኒት በየቀኑ በሰዓቱ የሚወስድ ልጅ። ለዚህ ከፍቅር በፊት ሰዓት ያስፈልጋል። ከጤና ጣቢያው በምን ያህል ርቀት ነው የምትኖሩት? ዝናብ ሲሆን መንገዱ ይቆረጣል? የልጁን ምሥጢር ከጎረቤት መደበቅ ትችላላችሁ? በእኛ ሰፈር ሦስተኛው ጥያቄ ነው የሚያስቸግረው።

እፎይታ። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ የታወቀ ነው። ሌላ ቤት ያለ የአደራ ልጅ፣ ወይም አያቱ ብቻቸውን የሚያሳድጉት፣ ቅዳሜና እሑድ ወይም አያቲቱ ጠበል ሲሄዱ እናንተ ጋ ይከርማል። ለጀማሪ የምመክረው ይሄንን ነው። ስድስት ወር እንዲህ ብትሞክሩ ስለ ቤታችሁ ማንም ሊነግራችሁ ያልቻለውን ታውቃላችሁ። እኛ ለምሳሌ ባለቤቴ ታዳጊ ወንዶች ላይ ትዕግሥት እንደሌለው ያወቅነው በሁለት ቅዳሜ ነው፤ ራሱም ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ትንንሾቹን ብቻ ነው የምንቀበለው።

ከዝርዝሩ የማይገባ አንድ ነገርም አለ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ስለ አማራጭ እንክብካቤ ባወጣው መመሪያ፣ ድህነት ብቻውን ልጅን ከወላጁ ለመለየት ምክንያት መሆን የለበትም ይላል። የጎረቤታችሁን ልጅ ልትወስዱ ያሰባችሁት እናቱ የምታበላው ስላጣች ብቻ ከሆነ፣ ልጁን እዚያው ትታችሁ ቤታቸው ጤፍ ወይም ገብስ ላኩ። እድራችሁን አነጋግሩ። ያም ለአንዳንድ ቤት ልክ የሆነ ምርጫ ነው።

5. እምነትና ሥጋ

የሰሜን ሸዋን ሕዝብ ታውቃላችሁ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጎረቤት ነው። የሙስሊም ልጅ ከሆነ መጀመሪያ የሙስሊም ቤተሰብ ይፈለግለት፤ በእስልምናም ከፋላ የሚባል፣ የዘር ስሙን ሳይቀይሩ ልጅ የማሳደግ ሥርዓት አለ። በአስቸኳይ ክርስቲያን ቤት ካደረ ሥጋ አታቅርቡለት። ሽሮ፣ ምስር፣ ድንች፣ እንቁላል ሞልቷል። ክርስቲያን ልጅ ሙስሊም ቤት ሲያድርም እንዲሁ ነው። ጾሙንም በቤቱ እንደለመደው ተዉለት። ማተቡን መበጠስ ወይም «ስምሽ አይጠራም፣ ሌላ እናውጣልሽ» ማለት ነውር ነው። እኔ በስሙ በኩል አጥፍቻለሁ፣ ነግሬያችኋለሁ።

6. ቢሮ ስትሄዱ

የሚኬደው ወደ ወረዳችሁ ወይም ከተማችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ነው። ልጅ መንገድ ላይ ካገኛችሁ ግን በቀጥታ ፖሊስ፤ ወስዳችሁ ቤታችሁ አታቆዩት፣ የሚፈልገው ቤተሰብ እያበደ ሊሆን ይችላል።

ባለሙያ ቤታችሁ መጥቶ ያያል፣ ጎረቤት ይጠይቃል፣ ስለ ገቢያችሁ፣ ስለ ጤናችሁ፣ ስለ ትዳራችሁ ይጠይቃል። አትናደዱ። ይልቅ የማይጠይቅ ቢሮ ያስፈራኛል። አንድ ጊዜ ባለሙያ ሳይመጣ ልጅ ይዘው በባጃጅ አመጡልን፤ የክትባት ካርድ የለ፣ የትምህርት ቤት መሸኛ የለ፣ ጫማ እንኳ በልኩ አልነበረም። ትምህርት ቤት ለማስገባት ወር ሙሉ ተመላለስን።

ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ይቆያል? ወላጅ ወይም ዘመድ አለው ወይ፣ ማን ነው የሚያፈላልገው? ሲታመም ለከባድ ሕክምና የሚፈርመው ማነው? የልደት ምስክር ወረቀት አለው? ከሌለው ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ማን ይወስደዋል? በየስንት ጊዜው መጥታችሁ ታዩናላችሁ? እሑድ ማታ ችግር ቢመጣ ለማን ነው የምንደውለው? ለመጨረሻው ጥያቄ ስልክ ቁጥር ካልተጻፈላችሁ አትነሱ። የፈረማችሁትን ወረቀት ቅጂ ውሰዱ።

7. ቤተሰቡን ሰብስባችሁ ወስኑ

ልጆቻችሁንም ጠይቁ። «ወንድም ልናመጣላችሁ ነው» አትበሏቸው። «እንግዳ ልጅ ይመጣል፣ እናቱ እስክትድን እኛ ጋ ይቆያል» በሏቸው። መጫወቻቸውን የግድ ማካፈል እንደሌለባቸውም ንገሯቸው፤ ያልተገደደ ልጅ በሦስተኛው ቀን ራሱ ያካፍላል። አማት ቤታችሁ ካለች የእሷ ቃል የእናንተን ያህል ይመዝናል። ቀን ከልጁ ጋር የምትውለው እሷ ናት።

የመረጣችሁትን ዓይነት አንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ስልካችሁ የሚቀመጥበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የእኛ እንዲህ ይላል፦ «አጭር ጊዜና እፎይታ። ከ3 እስከ 8 ዓመት። ቢበዛ ሁለት፣ ወንድምና እህት ከሆኑ። በታኅሣሥ አይሆንም።» ማታ ደውለው «አንዲት የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ናት፣ ለዛሬ ብቻ» ሲሏችሁ ልብ ይራራል፣ አፍ «እሺ» ይላል። ወረቀቱን እያያችሁ መልሱ። እኛ እንዲህ ሲያጋጥመን «አንችልም፣ ግን እታች ሰፈር ልጆቻቸውን የዳሩ እትዬ አሉ፣ ቁጥራቸውን ልስጣችሁ» እንላለን። እሳቸውንም አስቀድመን አስፈቅደናል።